ከቧሂት መልስ

በሰሜን ተራሮች በእግር በተጓዝንባቸው ቀኖች ከሁሉ አብልጦ ያስተማረን፣ ካሰብነው ሳንደርስ የተመለስንበት ቀን ነው።

ከጨነቅ ሰፈር ስንነሣ ጎሕ ገና መቅደዱ ነበር። ሣሩ አመዳይ ለብሷል፤ በኮዳችን ያደረው ውኃም በረዶ ሠርቷል። ጭላዳዎቹ ከገደሉ አፋፍ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። እኛም ጓዛችንን ተሸክመን በጅብራው መካከል ሽቅብ ወደ ቧሂት መሻገሪያ አቀናን፤ ከፍታው ወደ 4,200 ሜትር ይጠጋል።

ከመካከላችን አንዱ ወጣት ከሌሊት ጀምሮ ራሱን ያመው ኖሮ፣ ሰነፍ እንዳይባል ደብቆን ነበር። ወደ መሻገሪያው ስንቃረብ አስመለሰው፤ ይንገዳገድም ጀመር። እኛ ግን «ጥቂት ቀረህ» እያልን ስናደፋፍረው፣ መንገድ የሚመሩን አዛውንት ቆም ብለው፣ «ልጆቼ፣ ተራራው ነገም እዚሁ ነው፤ ልጁን አውርዱት» አሉን። አፈርን፤ ጓዙንም ተቀብለን ደግፈነው ወረድን።

በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ስለሆነ፣ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክሲጅን በባሕር ጠረፍ ከሚያገኘው ከመቶ 60 እጅ ያህል ብቻ ነው። ራስ ምታት የመጀመሪያው ምልክት ነው፤ መንገዳገድ ሲጨመርበት ግን ሕይወትን እስከ ማሳጣት ይደርሳል። ዋናው መድኃኒት ሳይዘገዩ ቁልቁል መውረድ ነው። የእኛም ወጣት በማግሥቱ ከእሳቱ ዳር ተቀምጦ ምግብ ጠየቀ።

ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁን ለእንዲህ ያለ ጉዞ ስትሸኙ፣ ከጋቢውና ከስንቁ ጋር «አመመኝ» ለማለት የሚያበቃ ድፍረትም አስይዟቸው። እኛም ታላላቆቹ ቀድመን ልንጠይቃቸው ይገባናል።