የእንዶድ ሥር ለተነከሰ ሰው አታጠጡ

እኩዮቼ፣ ሰው በእብድ ውሻ ሲነከስ ገና ጤና ጣቢያ ሳይደርስ ወደ እኛ ወደ ሽማግሎቹ ይመጣል። መድኃኒት አዋቂ ጠቁሙን ይላል፤ እኛም እንጠቁማለን። አንዳንዶቻችን ደግሞ ራሳችን የእንዶዱን ሥር ምሰን፣ ወቅጠን፣ በወተት በጥብጠን እናጠጣለን። ይህን እንድትተዉ ልለምናችሁ፣ ካልሆነም ልቆጣችሁ ነው የተነሣሁት።

እንዶድ ለእኛ እንግዳ አይደለም። እናቶቻችን ነጠላና ጋቢ ያነጡበት ፍሬ ነው። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ፣ ወንዙ ውስጥ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አገኙ። የቢልሃርዝያ ትል ወደ ሰው ከመግባቱ በፊት የሚያድገው በቀንድ አውጣ ውስጥ ስለሆነ፣ ነገሩ ትልቅ ነበር። በ1989 እ.ኤ.አ. ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙበት። እኔም እኮራበታለሁ። ነገር ግን ያን ዝና ያመጣው የፍሬው ምርመራ ነው፤ የተፈለገውም ቀንድ አውጣ የሚገድል ነገር እንጂ የተነከሰ ሰው የሚጠጣው መድኃኒት አልነበረም። እኛ ግን የፍሬውን ስም ለሥሩም ለቅጠሉም አወረስነው፤ «ፈረንጅ ሳይቀር መሰከረለት» እያልን ለሕመምተኛ እንሰጣለን።

በፍሬው ውስጥ ያለው ሳፖኒን ይባላል፤ አረፋውን የሚያወጣው እሱ ነው። ገና ያልቀላው አረንጓዴ ፍሬ ከበሰለው ይበረታል። ሙሉ ፍሬ እንዳለ ሳለ ኃይሉ የታሰረ ነው። ሲወቀጥና ውኃ ሲያገኘው ግን በራሱ በፍሬው ውስጥ ያለ ኢንዛይም ከሳፖኒኑ ላይ አንዱን የስኳር ሰንሰለት ይቆርጥለታል፤ ቀንድ አውጣ ገዳይ የሚሆነው ያን ጊዜ ነው። ያው ንጥረ ነገር ዓሣ ይገድላል፣ የሰውንም ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። ስንወቅጠው ዐይናችንን የሚያቃጥለን፣ የሚያስነጥሰን በከንቱ አይደለም። ሥሩና ቅጠሉም ሳፖኒን አላቸው፤ መጠኑ ግን እንደ ክፍሉ፣ እንደ ዝርያው፣ እንደ በቀለበት ቦታ ይለያያል። በጣት የለካነው ሥር ስንት መርዝ እንደያዘ ከመካከላችን የሚያውቅ የለም። ጽንስ ለማስወረድ ብለው ደብቀው የሚጠጡትን ልጆቻችንንም አስቡ።

«ያጠጣሁት ሁሉ ድኗል» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አልዋሻችሁም፤ ግን ስሙኝ። የነከሰ ውሻ ሁሉ እብድ አይደለም፤ እብድ ውሻ የነከሰውንም ሰው ሁሉ በሽታው አይይዘውም። በሽታው ያልያዘው ሰው ሥሩን ቢጠጣ አስመልሶት፣ አስቀምጦት ያልፍለትና ምስክር ይሆንላችኋል። በሽታው የያዘው ግን ብዙ ጊዜ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት በጤና ይቆያል። እናንተም እሱም ድኗል ብላችሁ በተረጋጋችሁበት ውኃ መፍራት ሲጀምር ያበቃለታል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። ያን ዝም ያለ ጊዜ ክትባት ሊጠቀምበት ሲችል እኛ በወተት አሳለፍነው። ይህ እንቅልፍ ሊነሣን ይገባል።

ስለዚህ የተነከሰ፣ የተቧጨረ፣ የውሻ ምራቅ ቁስሉን የነካው ሰው ደጃችሁ ቢመጣ፣ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውኃ 15 ደቂቃ ያህል እጠቡለት። ምንም አትቀቡት፣ ምንም አታጠጡት። ፊቱን፣ እጁን የተነከሰ ወይም ሕፃን ከሆነ ጨርሶ አታዘግዩት፤ ጤና ጣቢያው ክትባቱ ከሌለው ወዳለበት ሆስፒታል ይወሰድ። ክትባቱ በአንድ ቀን አያልቅም፤ ቀጠሮውን እስኪጨርስ ድረስ አንዳችን ኃላፊ ሆነን እንከታተለው። ገንዘብ ላጣው ደግሞ እድራችን ለቀብር እንደሚያወጣው ሁሉ ለክትባትና ለመንገድ እንዲያወጣ በሚቀጥለው ስብሰባ ሐሳብ አቀርባለሁ፤ እጃችሁን እንድታወጡልኝ እጠይቃለሁ።