የጾም ትርፍ የት ገባ?

በዐቢይ ጾም አንድ ቀን፣ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ፣ ሳንሱሲ ታክሲ መውረጃው አጠገብ ጀበና ቡና ስጠጣ፣ አጠገቤ የተቀመጠ ወጣት የሞርሞኖችን ወሬ አንስቶ፣ «ጋሼ፣ ቡና የማይጠጣ ደግሞ ምን ክርስቲያን ነው?» አለኝ።

ልጄ፣ ቡናውን ተወው። እሱንማ የኛም ካህናት እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ሲያወግዙት ኖረዋል። ልዩነታችን ሌላ ነው። ሞርሞኖች ሥላሴን በዓላማ እንጂ በባሕርይ አንድ አይሉም፤ አብም ሥጋና አጥንት አለው ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ1830 የታተመውን መጽሐፈ ሞርሞን ከመጽሐፍ ቅዱስ ጎን ያቆማሉ። እኔ የኒቅያዎቹን 318 አባቶች አልለቅም።

ግን ሃይማኖት ማቅናት ከምግባር አያስመልጥም። እነሱ በወር አንድ እሑድ ሁለት ማዕድ ዘለው፣ ዋጋውን ለድሃ ይሰጣሉ። ጥር 19 ቀን 1977 ዓ.ም. አሜሪካና ካናዳ ያሉት ምእመናኖቻቸው ለኢትዮጵያና ለሌሎች ረሃብተኞች ጾመው ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ አዋጥተዋል። እኛስ? 55 ቀን ሙሉ ሥጋና ቅቤ ትተን፣ የተረፈውን ገንዘብ ለፋሲካ ቅርጫ እናስቀምጣለን! ዝክር አለን ትሉኝ ይሆናል። አለን፤ ነዳያን ግን ከበር ውጭ ትርፍራፊ ይጠብቃሉ። ጾም እንጀራን ለራብተኛ ማካፈል መሆኑን ከኢሳይያስ ምዕራፍ 58 ስንሰማ ኖረናል። ትምህርቱ እኛም ዘንድ አለ፤ የጎደለው መሥራቱ ነው።

ሳንሱሲ በፈረንሳይኛ «ያለ ጭንቀት» ማለት ነው። ጾማችንም እንደዚያው ሆኗል፤ ራሳችን እንራባለን እንጂ ለተራበው አንጨነቅም። ልጄ፣ የዛሬው ቁርስህን ዋጋ ለማን እንደሰጠህ ንገረኝ፤ ስለ ቡናው ከዚያ በኋላ እንከራከራለን።