ባልም ይመርመር፦ ወንድነትና ልጅ መውለድ አንድ አይደሉም

ዛሬ በየቤቱ በሹክሹክታ ብቻ የሚወራ ጉዳይ ላንሣ፤ የወንድ መካንነት።

እኛ ዘንድ፣ ከፍላቂት እስከ ላሊበላ፣ ልጅ ሲዘገይ መጀመሪያ የምትጠየቀው ሴቷ ናት። የምትሳለው እሷ፣ ጸበል የምትመላለሰው እሷ። በላሊበላ ቤተ ማርያም ግቢ ያለውን ኩሬ ታውቁታላችሁ፤ በገና ልጅ የናፈቃቸው ሴቶች ይጠመቁበታል። በእምነቱ ላይ ምንም ጥያቄ የለኝም። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ባልየውስ መቼ ነው የሚመረመረው? አንዳንዴ ሚስት ከአንዱ ሐኪም ወደ ሌላው ዞራ ከደከመች በኋላ፣ አንዳንዴም ትዳር ከፈረሰ በኋላ ነው። ሳይንሱ የሚለው ግን ልጅ ለመውለድ ከሚቸገሩት ጥንዶች በግማሽ ያህሉ ምክንያቱ ከወንዱ ብቻ ወይም ከሁለቱም እንደሚገኝ ነው።

"እኔ ጤነኛ ነኝ፤ ምን ጎድሎኝ?"

ይህን የሚሉ ባሎች እየዋሹ አይደለም። ጢም አላቸው፣ ጉልበት አላቸው፣ በግንኙነትም ችግር የለባቸውም። ነገር ግን በዘር ፈሳሻቸው ውስጥ ስፐርም ጥቂት ሊሆን ወይም ጭራሽ ላይኖር ይችላል። ፈሳሹን በዓይን አይቶ ማወቅ አይቻልም።

እንዴት ይሆናል? ሆርሞን ማለት በደም ውስጥ የሚላክ መልእክተኛ ነው። መልእክተኛው ደጃፍ ቢደርስም በር የሚከፍትለት ከሌለ መልእክቱ አይደርስም። በር ከፋዩን ሪሴፕተር ወይም ተቀባይ እንለዋለን። ቴስቴስትሮን የሚባለው የወንድ ሆርሞን ስፐርም እንዲመረት የሚያደርገው በዚህ ተቀባይ በኩል ነው። ስለዚህ አንዳንድ ወንድ ሆርሞኑ ሲለካ ደህና፣ እንዲያውም ከፍ ያለ ሆኖ፣ ተቀባዩ ግን ደካማ ሊሆን ይችላል።

የተቀባዩ አሠራር የተጻፈው ኤክስ በተባለው ክሮሞዞም ላይ ነው። በዚያ ዘረ-መል ውስጥ ሲ-ኤ-ጂ የሚባሉ ሦስት ፊደላት ተደጋግመው ይገኛሉ። ድግግሞሹ ከሰው ሰው ይለያያል፤ በአብዛኛው ወንድ ከ9 እስከ 36 ባለው መካከል ነው። በጣም ሲረዝም ተቀባዩ በመጠኑ ይዳከማል። አንዳንድ ጥናቶች ልጅ መውለድ በተሳናቸው ወንዶች ላይ በአማካይ ትንሽ ረዘም ብሎ አግኝተውታል፤ ሌሎች ጥናቶች ግን ልዩነት አላዩም።

ስለዚህ ለታካሚዎቼ የምለው ይህ ነው፦ ለዚህ ምርመራ ገንዘብ አታውጡ። ብዙ ድግግሞሽ ያለው ሰው ሊወልድ፣ ጥቂት ያለው ደግሞ ሊቸገር ይችላል። በ1997 እ.ኤ.አ. የፊንላንድ ተመራማሪዎች ኤፍ-ኤስ-ኤች የተባለው ሆርሞን ተቀባይ የማይሠራባቸውን 5 ወንዶች መርምረው ነበር። የስፐርማቸው ብዛትና ጥራት ቢቀንስም ከመካከላቸው ልጅ የወለዱ ነበሩ። ዘር የሰውን ዕጣ ብቻውን አይወስንም።

ጥፋተኛ አንፈልግ

ወንድ ልጅ ኤክስ ክሮሞዞሙን የሚወስደው ከእናቱ ነው። ይህን ስጽፍ የምፈራው ነገር አለ፤ ትናንት "ሚስትየዋ መሐን ናት" ያልን ሰዎች ነገ "እናትየዋ ናት" እንዳንል። እናት የሰጠችው እሷም ከወላጆቿ የተቀበለችውን ነው። ዘረ-መል ርግማን አይደለም፣ የማንም ኃጢአት አይደለም።

ቴስቴስትሮን መርፌ ተጠንቀቁ!

ስፐርም አነሰ ሲባል "የወንድ ሆርሞን ልውጋ" የሚል ሐሳብ ይመጣል። ውጤቱ ተቃራኒ ነው። ሆርሞን ከውጭ ሲገባ አንጎል "በቂ አለ" ብሎ ወደ ቆለጥ የሚልከውን ትእዛዝ ያቆማል፤ ስፐርም እስከ ዜሮ ሊወርድ ይችላል። መርፌው ከቆመም በኋላ እስኪመለስ ወራት ይፈጃል። ልጅ የምትፈልጉ ከሆነ ቴስቴስትሮን አትውሰዱ። ለጡንቻ ማሳደጊያ የሚሸጡትም እንዲሁ ናቸው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1. ያለ መከላከያ 12 ወር ሞክራችሁ ካልሆነ ወደ ሐኪም ሂዱ። ሚስት 35 ዓመት ከሞላት ከ6 ወር በላይ አትጠብቁ።

2. አብራችሁ ሂዱ። የባል የመጀመሪያ ምርመራ የዘር ፈሳሽ ነው፤ አያምም፣ ቀዶ ጥገናም የለውም። ከምርመራው በፊት ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት መታቀብ ያስፈልጋል። ውጤቱ ካላማረ ከሳምንታት በኋላ ይደገማል፤ ስፐርም ለመመረት ሁለት ወር ተኩል ያህል ስለሚፈጅ ያለፈ ከባድ ትኩሳት እንኳ ውጤቱን ሊያበላሽ ይችላል።

3. ለሐኪሙ ሁሉንም ንገሩ፦ ከጉርምስና በኋላ የያዘ ጆሮ ደግፍ፣ የአባላዘር በሽታ፣ ቀዶ ጥገና፣ መድኃኒት፣ ሲጋራ፣ መጠጥ። በቆለጥ አካባቢ ያበጠ የደም ሥርም ካለ ይታይ። ከእነዚህ ብዙዎቹ መፍትሔ አላቸው።

4. ስፐርም እጅግ ጥቂት ከሆነ ወይም ከሌለ የሆርሞን፣ የክሮሞዞም ቆጠራና የዋይ ክሮሞዞም ምርመራ ይታዘዛል። ወጪ ማውጣት ካለባችሁ ለእነዚህ ነው፤ ውሳኔ የሚለውጡት እነዚህ ናቸው።

5. ከዚያ በላይ ካስፈለገ የሪፈር ወረቀት ጠይቁ። አዲስ አበባ የሚገኘው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የመካንነት ሕክምና ማዕከል አለው። አንድ ስፐርም ተመርጦ በቀጥታ ወደ ሴቷ እንቁላል የሚገባበት የሕክምና ዘዴ ስላለ "ጥቂት ነው" መባል "አበቃ" ማለት አይደለም።

ወላጆች ሆይ፣ ለእናንተም አንድ ነገር፦ ወንድ ልጃችሁ ሲወለድ ሁለቱም ቆለጦች መውረዳቸውን እዩ። እስከ 6 ወር ካልወረዱ ሐኪም ይያቸው፤ ቀዶ ጥገናው እስከ 18 ወር ቢጠናቀቅ ይመረጣል። ሽንቱ የሚወጣበት ቀዳዳ ከብልቱ በታች ከሆነም አሳዩት፤ ሁለቱ ሲገናኙ አንዳንዴ የዚያው የሆርሞን ተቀባይ ችግር ምልክት ይሆናል።

ባሎች፣ ሚስታችሁ ጸበል ስትሄድ አብራችሁ ሂዱ፤ ላቦራቶሪም አብራችሁ ግቡ። አማቶች፣ ምራታችሁን ከመውቀሳችሁ በፊት ልጃችሁ ተመርምሮ እንደሆነ ጠይቁ። አንድ የላቦራቶሪ ወረቀት የብዙ ዓመት ወቀሳ ያስቀራል።

ይህን ጽሑፍ ለሚያስፈልገው ቤተሰብ አድርሱልኝ።