በስልክ የሚጋልበው ፈረስና የሽልማቱ ሂሳብ
(ትንታኔ)

በሰሜን ሸዋ ዞን በመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ የሚገኘው የጓሳ ደጋ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ 265 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከባሕር ወለል በላይ ከ3 ሺህ 200 እስከ 3 ሺህ 700 ሜትር ከፍታ ላይ በተንጣለለው በዚህ ምድር ፈረስ የጭነት አጋዥ፣ የሠርግ ሞገስና የጉግስ ኩራት ሆኖ ለዘመናት ኖሯል። በክልሉ ሌላ ጫፍ፣ በአገው ምድር ደግሞ በ1932 ዓ.ም የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን ያከብራል። በእነዚህ ሥፍራዎች የፈረሰኛው ትልቁ ሽልማት በሕዝብ ፊት የሚያገኘው ክብር ነው።

የሞባይል ኢንተርኔት መስፋፋት ግን ሌላ ዓይነት ፈረስ ይዞ መጥቷል። ይህ ፈረስ ሣር አይግጥም፤ አይደክምም፤ ጋላቢም የለውም። ውድድሩ በስልክ መስኮት ላይ በየጥቂት ደቂቃው ይካሄዳል፤ አሸናፊውን የሚወስነውም ኮምፒውተር በዕጣ የሚያወጣው ቁጥር ነው። የጨዋታው አቅራቢዎች ደንበኛ ለመሳብ ከሚጠቀሙባቸው መንገዶች ዋነኛው የሽልማት ማስታወቂያ ሲሆን፣ «ተመዝገቡ፣ የ100 ብር ስጦታ ውሰዱ» የሚለው ዓይነት ጥሪ የብዙ ወጣቶችን ልብ ይሰርቃል።

የስጦታውን እውነተኛ ዋጋ ለመረዳት ቀላል ስሌት በቂ ነው። እኩል ዕድል ያላቸው 8 ፈረሶች ይሮጣሉ እንበል። አቅራቢው ለአሸናፊ የሚከፍለው የተያዘውን ገንዘብ 7 እጥፍ ቢሆን፣ በእያንዳንዱ ውድድር 10 ብር እያስያዘ 8 ጊዜ የተጫወተ ሰው 80 ብር አውጥቶ በአማካይ አንድ ጊዜ 70 ብር ያገኛል። ይህም ካስያዘው ገንዘብ 12 ነጥብ 5 በመቶውን ያጣል ማለት ነው።

የ100 ብሩ ስጦታም ብዙውን ጊዜ ያለ ቅድመ ሁኔታ ወጪ አይደረግም። ተጫዋቹ የስጦታውን 10 እጥፍ፣ ማለትም 1 ሺህ ብር እንዲወራረድ ቢገደድ፣ በዚሁ ስሌት በአማካይ 125 ብር ይከስራል። ስጦታው አልቆ ከራሱ ኪስ መጨመር የሚጀምረውም በዚህ ምክንያት ነው። «ብዙ ለተወራረደ ብዙ ዕጣ» የሚለው ማበረታቻ ደግሞ የበለጠ ለከሰረው የበለጠ ተስፋ ከመስጠት አይዘልም።

ለዚህ አባባል ማስረጃ የሚሆን አጋጣሚ በ2012 ዓ.ም በእንግሊዝ ታይቷል። በኮሮና ወረርሽኝ ሳቢያ ታዋቂው የግራንድ ናሽናል የፈረስ ውድድር ሲሰረዝ፣ በምትኩ በኮምፒውተር የተቀነባበረ ውድድር በቴሌቪዥን ቀርቦ ፖተርስ ኮርነር የተባለው ፈረስ አሸናፊ ሆኗል። ለአንድ ሰው የተፈቀደው ከፍተኛው ውርርድ 10 ፓውንድ ብቻ ቢሆንም፣ አወራራጆቹ ከዕለቱ ያገኙት 2 ነጥብ 6 ሚሊዮን ፓውንድ ትርፍ ለጤና አገልግሎት በጎ አድራጎት ተሰጥቷል። ዓላማው የሚመሰገን ነው፤ ይሁንና ያ ሁሉ ገንዘብ ከተወራራጮች ኪስ የወጣ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

በአገራችን የዕድል ጨዋታ አዲስ ነገር አይደለም። ብሔራዊ ሎተሪ ሥራ ከጀመረ ከስድስት አሥርት ዓመታት በላይ ሆኖታል፤ በ1999 ዓ.ም ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 535 እንደገና ተቋቁሟል። በ2008 ዓ.ም የወጣው የገቢ ግብር አዋጅም ከ1 ሺህ ብር ባላነሰ የዕድል ጨዋታ ሽልማት ላይ 15 በመቶ ግብር ጥሎ ነበር። የኢንተርኔቱ ጨዋታ አስቸጋሪነት ግን አቅራቢው ድንበር ማዶ፣ ተጫዋቹ ገጠር መንደር ውስጥ ሊሆን መቻሉ ነው። ለከሰረው ቀርቶ ላሸነፈውም አቤት የሚባልበት በር ሩቅ ነው።

በዚህ ረገድ የጓሳ አባቶች ሥርዓት የሚያስተምረው አለ። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሲሠራበት በቆየው የቄሮ ሥርዓት የጓሳ ሣር ለተከታታይ ዓመታት ተዘግቶ ይጠበቅ ነበር። ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሣ የሚሆነው ሣር የሚታጨደው መከፈቱ ለሁሉም ከተነገረ በኋላ ነው። ደንቡን የጣሰ ይቀጣል። ሥርዓቱ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ቢፈርስም፣ ኅብረተሰቡ ጥበቃውን በአዲስ መልክ አደራጅቶ ጓሳን እስከ ዛሬ አቆይቷል። ምሥጢሩ ደንቡ ለሁሉም ግልጽ፣ ጥቅሙም አስቀድሞ የታወቀ መሆኑ ነው። የሽልማት ማስታወቂያው ግን ስጦታውን በትልቁ፣ ግዴታውን በደቃቃ ፊደል ይጽፋል።

ስለሆነም ወጣቱ ማንኛውንም ጥሪ ከመቀበሉ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን ሊያነሳ ይገባል። አቅራቢው ፈቃድ አለውን? ስጦታው በጥሬ ገንዘብ የሚወጣው ስንት እጥፍ ከተወራረዱ በኋላ ነው? ሽልማት ለመቀበል አስቀድሞ ገንዘብ ወይም የምሥጢር ቁጥር ይጠየቃልን? የመጨረሻው መልስ «አዎን» ከሆነ ነገሩ ማጭበርበር ነው። ወላጆች፣ ትምህርት ቤቶችና የሚመለከታቸው አካላትም ይህን ስሌት ለልጆች የማስረዳት ድርሻ አለባቸው። የጓሳ ፈረስ ባለቤቱን ተሸክሞ ዳገት ይወጣል፤ የስልኩን ፈረስ ግን የሚሸከመው ተጫዋቹ ራሱ ነው።