በኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት የሥነ ጽሑፍን መጽሐፍ ስለ ማግኘት

መጽሐፍ በቤተ መጻሕፍት መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ ፈላጊው ሊያገኘው ይገባል። አሜሪካዊው ሜልቪል ዲዊ በ1876 በፈረንጆች አቆጣጠር ባወጣው የቁጥር ሥርዓት ሥነ ጽሑፍ ከ800 ጀምሮ ይደረደራል፤ የኢትዮጵያ ሴማዊ ቋንቋዎች ሥነ ጽሑፍም በ892.8 ሥር ይገኛል። ነገር ግን ቁጥሩ ቢቃና እንኳ ስሙ በመዝገብ ከተሳሳተ ድካሙ ከንቱ ነው። ፈረንጅ በቤተ ሰቡ ስም ይመዘገባል፤ ኢትዮጵያዊ ግን የሚታወቀው በራሱ ስም እንጂ በአባቱ ስም አይደለም። የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ደራሲ ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ«ሐ» መመዝገብ ሲገባቸው በ«ዓ» ቢመዘገቡ፣ ተማሪው መጽሐፉ የለም ብሎ ይመለሳል፤ መጽሐፉም በመደርደሪያው ላይ እንደ ተቀበረ ይቀራል። ስለዚህ የኮሌጆች ሹማምንት ለመጽሐፍ መግዣ ገንዘብ ሲመድቡ፣ መዝገቡን እንደ አገሩ ልማድ በደራሲው በራሱ ስም የሚያቀና የተማረ የመጻሕፍት ጠባቂም ሊመድቡ ይገባል። ፈላጊው ያላገኘው መጽሐፍ ካልተጻፈ መጽሐፍ አይለይምና።