ከማጀት ወደ ግድግዳ



የተመራቂዎች ሽኝት በደረሰ ቁጥር በጀመዓችን ውስጥ አንድ ጥያቄ ይነሳል፦ ስጦታው ምን ይሁን? መልሱ ከዓመት ዓመት አልተለወጠም። አያተል ኩርሲይ በወርቅማ ቀለም የታተመበት የፕላስቲክ ፍሬም ይገዛል፤ ከነላስቲኩ ይሰጣል። የአንዱ ፍሬም ዋጋ ግን የአንድ ችግረኛ ተማሪን የወር የፎቶ ኮፒ ወጪ ይሸፍናል። ስለዚህ ዘንድሮ ከማጀቴና ከአካባቢዋ የመጣን ተማሪዎች ሌላ ሐሳብ ይዘን ቀርበናል፦ የተመራቂዎቹን ስጦታም ሆነ ተከራይተን የምንሰባሰብባትን ክፍል ጌጥ፣ ከአሮጌ ዕቃና ከሰልባጅ ጨርቅ ራሳችን እንሥራው።

ሐሳቡ የመጣልን ከቤታችን ነው። ባደግንበት ቤት እንግዳ ሲገባ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ግድግዳው ላይ ነበር። ሰፌዱ፣ አገልግሉ፣ ሙዳዩ ተደርድሮ ይሰቀላል። እናቶቻችን አክርማና ስንደዶ ለቅመው፣ አለላውን ቀይና አረንጓዴ ነክረው የሰፉት ነው። ሥራ ሲኖር ይወርዳል፤ ሥራው ሲያልቅ ወደ ቦታው ይመለሳል። ዕቃም ነው፣ ጌጥም ነው። ዛሬ ግን ጠርዙ የተፈታ ሰፌድ ወደ እሳት ይሄዳል፤ አሮጌው ነጠላም «ልዋጭ!» እያለ በየሰፈሩ ለሚዞረው ነጋዴ ተሰጥቶ በፕላስቲክ ሳፋ ይለወጣል። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚባለው ይኼ ነው።

ለእኛ ነገሩ ከጌጥም ያልፋል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በአጣዬ፣ በሸዋ ሮቢትና በዙሪያቸው የደረሰውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ስንቱ ቤት ከነዕቃው ነደደ፣ ስንቱ ተዘረፈ! ከመካከላችን የእናቱ እጅ ሥራ አንድም ያልተረፈለት ወንድም አለ። እሱ ፊት ቆሞ «ይሄ አሮጌ ነው፣ ጣሉት» ማለት ይከብዳል።

ግድግዳን በቤት ዕቃ ማስዋብ የእኛ አገር ሰው ብቻ ልማድ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገበችው በሐረር ጀጎል ወደ አንድ ነባር ቤት ብትገቡ፣ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በስፌትና በሳህን ተሞልቶ ታገኙታላችሁ። በመርካቶ ምናለሽ ተራ ደግሞ ያገለገለ ቆርቆሮና በርሜል እየተቀጠቀጠ ወደ ምድጃና ወደ ሌላ የቤት ዕቃ ይለወጣል። ሙያው በአገራችን አለ፤ የጎደለው የእኛ ፈቃድ ነው።

ሐሳባችንን ስናቀርብ ሦስት ተቃውሞ ገጥሞናል።

የመጀመሪያው «ግድግዳ ማስጌጥ ራሱ ኢስራፍ ነው» የሚል ነው። ይህን የሚሉ ወንድሞች መነሻ አላቸው። ዓኢሻ (ረ.ዐ) በቤቷ መጋረጃ ሰቅላ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንዳልወደዱት፣ አላህ ድንጋይና ጭቃ እንድናለብስ እንዳላዘዘን መናገራቸውም በሙስሊም ሐዲስ ስብስብ ተዘግቧል። ኢማም አን-ነወዊይ ይህ ሐዲስ ክልክልነትን እንደማያሳይ አብራርተዋል፤ ቢሆንም ምክሩ ግልጽ ነው፤ ገንዘብ ግድግዳ ላይ አይፈስስም። እኛም የምንለው ይህንኑ ነው። ደግሞስ ዓኢሻ ያንን መጋረጃ ምን አደረገችው? ቆርጣ ትራስ ሠራችበት። አልጣለችውም። ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ እንፈልጋለን?

ሁለተኛው «ሰልባጅ የሰው ትራፊ ነው፣ ለስጦታ ያሳፍራል» የሚል ነው። ሰልባጅ ጃኬት ለብሶ ክፍል የሚገባ ተማሪ ሰልባጅ ሻርፕ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል የሚያፍርበት ምክንያት አይታየንም። ቆሻሻ ከሆነ ይታጠባል።

ሦስተኛው ከወንዶች በኩል የመጣ ነው፤ «ስፌት የሴት ሥራ ነው» ይላሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጫማቸውን ይጠግኑ፣ ልብሳቸውንም ይሰፉ እንደነበር እየሰማን አድገን እንዲህ ማለታችን አያምርብንም። በይፋት የአርጎባ ወንድሞቻችን አባቶች ከሽመና ዕቃቸው ሥር ተቀምጠው ልጆች አሳድገዋል።

ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ጥቂቶቻችን ሞክረነዋል። አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ በሚገናኝበት የእሁዱ የሰንበቴ ገበያ ከሰልባጅ ክምር ውስጥ ቀለማቸው ያልለቀቀ ሻርፖችና አንድ አሮጌ መጋረጃ መረጥን። የሰውና የእንስሳ ሥዕል ያለበትን፣ ትርጉሙን የማናውቀው ጽሑፍ የተጻፈበትንም ተውነው። ጨርቁን በፈላ ውኃና በሳሙና አጥበን በቆላው ፀሐይ ሁለት ቀን አሰጣን፤ ትኋንም ሆነ ሽታ ይዞ እንዳይመጣ ይህ አይታለፍም። ከዚያ ሻርፑን በቀጭኑ ተልትለን የተፈታውን የሰፌድ ጠርዝ ዙሪያውን ጠቀለልንበት፣ በመርፌም ያዝነው። ከመጋረጃው የተረፈውን ከተሰበረ ወንበር በወጣ እንጨት ላይ ወጥረን ቸነከርነው። ማንጠልጠያው ቃጫ ነው። ዶርም ውስጥ ግድግዳ ላይ ምስማር መምታት ስለማይፈቀድ፣ ከሎከር እጀታ ላይ በቃጫ የሚንጠለጠል ቀላል ነገር መሥራት ይሻላል።

የመጀመሪያው ሰፌዳችን ተጣሞ ወጣ። የአንዳችን እናት አይተው ስቀው ፈቱትና፣ አጠገባቸው አስቀምጠው እንደገና አስጠቀለሉን። ፍሬም ስንገዛ እንዲህ ተቀምጦ ያስተማረን ሰው አልነበረም።

ስለ ቁርኣን አያ ግን አንድ ነገር እንጨምር። አሮጌ ጨርቅ ላይ አያ እንዳንጽፍ እንመክራለን። ጨርቅ ይቀደዳል፣ ይወድቃል፣ ይረገጣል፤ የአላህ ቃል ክብሩ ከዚያ በላይ ነው። ደግሞም በየፍሬሙ የሰቀልነውን አያተል ኩርሲይ ከመተኛታችን በፊት ስንቶቻችን እንቀራዋለን? ለተመራቂው ወንድማችን በግድግዳው ላይ ስፌት፣ በልቡ ውስጥ አያ ቢኖረው ይሻለዋል። በዚህ ላይ የተለየ ሐሳብ ያለው ኡስታዞቻችንን ይጠይቅ፤ እኛም ለመታረም ዝግጁ ነን።

የምንጠይቀው ከባድ አይደለም። ለቀጣዩ ዕረፍት ወደ ቤት ስትሄዱ አንድ ሊጣል የተዘጋጀ ነገር ይዛችሁ ተመለሱ፦ ሰፌድ፣ የሰሌን ቁራጭ፣ የተቀደደ ነጠላ፣ ከየትም ክፍለ ሀገር ይሁን። ማን እንደሰፋው ጠይቃችሁ ስማቸውን በወረቀት ጻፉ፤ ከጌጡ ጀርባ እንለጥፈዋለን። ቅዳሜ ከዐስር ሶላት በኋላ አብረን እንሠራለን፣ የምናውቀውን ለማያውቀው እናሳያለን። ለፍሬም ይወጣ የነበረው ገንዘብ ደግሞ እንዳለ ለችግረኛ ተማሪዎች ፎቶ ኮፒና ሳሙና ይዋል። ተመራቂው የሚወስደው ስጦታ ይኖረዋል፤ እዚህ የሚቀረው ወንድሙም ሃንድአውት ይዞ ፈተና ይገባል። ኒያችንን አላህ ያሳምርልን።

ወሏሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።