ቀስቱን ከዓይናችን ላይ አንሱልን

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ አዲስ ጌም ሲጫወት አጠገቡ ተቀምጬ አየሁት። ዕድሜው 13 ነው። ስክሪኑ ላይ አፍ የሚያስከፍት አገር ተዘርግቷል፦ ጥድ የለበሰ ሸለቆ፣ ጭጋግ ያቀፈው ወንዝ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጫፉ ለሁለት የተሰነጠቀ ተራራ። ልጁ ግን አንዱንም አያይም። ዓይኑ ከስክሪኑ ጥግ ካለችው ትንሽ ክብ ማፕ አይነቀልም። ክቧ ውስጥ ቢጫ ነጥብ አለች። ፈረሱን ወደ ነጥቧ ይነዳል፣ ይደርሳል፣ አንድ ቁልፍ ይጫናል፤ ነጥቧ ሌላ ቦታ ብቅ ትላለች፤ እንደገና ይነዳል። አንድ ሰዓት ሙሉ እንዲህ። በመጨረሻ አላስችል ብሎኝ «ያ ተራራ ላይ ምን አለ?» አልኩት። ቀና ሳይል መለሰልኝ፦ «አጎቴ፣ እዚያ ምልክት የለም እኮ።»

ምልክት ከሌለው ምንም የለውም ማለቱ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ንዴቴ አልበረደልኝም። የተናደድኩት በልጁ አይደለም። ስንት ገንዘብና ስንት የሰው ጉልበት አፍስሰው አገር የሚያክል ዓለም ከሠሩ በኋላ በላዩ ቀስት ለጥፈው «አትመልከት፣ ዝም ብለህ ተከተል» በሚሉት ነው። ኦፕን ወርልድ ጌም፣ ማለትም ተጫዋቹ በፈለገው አቅጣጫ የሚዞርበት ዓለም፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የምወደው ነገር ነው፤ የምጮኸውም ስለምወደው ነው።

ፍቅሩ የጀመረኝ በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ ሰፈራችን ጆተኒ ቤቱ ጎን በነበረች አንዲት ፕሌይስቴሽን ቤት ነው። ሁለት ፕሌይስቴሽን 2፣ ሁለት ቴሌቪዥን፣ አንድ አግዳሚ ወንበር። አብዛኛው ሰው የሚመጣው ለኳስ ነበር። እኛ ግን ሳንቲማችንን አዋጥተን አንድ ሰዓት የምንከፍለው «ሳን አንድሪያስ» ለሚባለው ጌም ነው። ቤቱ ሚሞሪ ካርድ አልነበረውም። የሠራኸው ሁሉ ሰዓትህ ሲያልቅ ይጠፋል፤ ነገ ስትመጣ የጌሙ ባለታሪክ ሲጄ ያችኑ ብስክሌት ይዞ እዚያው ሎስ ሳንቶስ ከተማ ይጠብቅሃል። ስለዚህ ሚሽን መሥራት ለእኛ ትርጉም አልነበረውም። ማፑ ላይ ያሉት ምልክቶችም እንዲሁ። የቀረልን ከተማው ብቻ ነበር፤ ከተማውም በቂያችን ነበር።

በጌሙ መጀመሪያ ከሎስ ሳንቶስ ውጪ ያለው አገር ዝግ ነው። ድንበሩን ከተሻገርክ ወዲያው አራት ኮከብ ይበራል፤ ፖሊስ ከነሄሊኮፕተሩ ይወርድብሃል። ከድንበሩ ማዶ ማውንት ቺሊያድ የሚባል ትልቅ ተራራ እንዳለ ግን ከታላላቆቻችን ሰምተናል። ስንት ቀን ሞከርን! ድልድዩ ላይ ሞትን፣ በዋና ሞከርን፣ በጀልባ ሞከርን። አንድ ቀን አንዱ ጓደኛችን ሞተር ሳይክል ይዞ፣ የፖሊስ መዓት እያስከተለ፣ ዳገቱን ጠምዝዞ ጠምዝዞ ጫፉ ላይ ወጣ። አግዳሚው ላይ የነበርነው በጩኸት ቤቱን አናጋነው። ማንም ውጣ አላለውም፤ ሽልማትም አልነበረውም። ለእኔ ኦፕን ወርልድ ማለት እስከ ዛሬ ያ ጩኸት ነው።

ከሁሉም ጌም አብልጬ የምወደው ግን «ሞሮዊንድ»ን ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ቤተስዳ ያወጣው ነው። በመርከብ የመጣህ እስረኛ ነህ። ሴይዳ ኒን በምትባል ረግረግ የከበባት የወደብ መንደር ይፈቱህና ባልሞራ ሄደህ ካየስ ኮሳደስ የሚባል ሰው ፈልግ ይሉሃል። በቃ። ቀስት የለም፤ የሚበራ ነጥብ የለም። መንገዱን ሰው ትጠይቃለህ። የተጠየቀውም እንደ ሰው ይነግርሃል፦ ድልድዩን ተሻገር፣ ወንዙን ይዘህ ውጣ፣ መንገዱ ሲከፈል ወደ ምሥራቅ ታጠፍ። ቃሉ ማስታወሻህ ላይ ይጻፋል። ከዚያ አንተ፣ ማስታወሻህና አገሩ ብቻ ናችሁ።

የአዲስ አበባ ልጅ ይህን ማንም ሊያስተምረው አይገባም። እኛ ቤት የምናገኘው በቁጥር ነው እንዴ? «ከታክሲ ወርደህ ትንሽ ወደ ኋላ ተመለስ፣ ፋርማሲውን ስታገኝ ወደ ውስጥ ግባ፣ ከወፍጮ ቤቱ ቀጥሎ ሰማያዊው በር» ተብለን ነው ያደግነው። እንዲህ የተመራ ሰው ፋርማሲውን ያያል፣ ወፍጮ ቤቱን ይሰማል፣ የሰፈሩን ሽታ ይዞ ይመለሳል። ሁለተኛ ሲሄድ አይጠይቅም። አንዳንዴ የነገረህ ሰው ራሱ ተሳስቶ ይልክሃል፤ «ሞሮዊንድ» ውስጥም የተሳሳተ አቅጣጫ የሚሰጡ አሉ። አንድ ጊዜ እንዲህ ተሳስቼ መቃብር የምፈልግ ሰውዬ ባሕር ዳርቻ ደረስኩ፤ ሌሊት ነበር፣ ሰማዩ ላይ ሁለት ጨረቃ ወጥቷል፣ ማዶ የማላውቃት መንደር መብራት ይታያል። መቃብሩን ለምን እንደፈለግሁት ዛሬ አላስታውስም። ያንን ዳርቻ ግን ዓይኔን ጨፍኜ እደርስበታለሁ።

ከሴይዳ ኒን ወጣ እንዳልክ ደግሞ ከሰማይ ጩኸት ይሰማል። ቀና ስትል አንድ ጠንቋይ እየተምዘገዘገ መጥቶ እፊትህ ተከስክሶ ይሞታል። ኪሱ ውስጥ የመብረር ድግምት የተጻፈባቸው ሦስት ጥቅልሎችና ማስታወሻው አሉ። አንዱን አንብበህ ብትዘል ደመና ሰንጥቀህ አገሩን ግማሽ ታቋርጣለህ፤ ስትወርድ እንዴት እንደምታርፍ ካላሰብክበት ደግሞ እንደ ባለቤቱ ትሞታለህ። «ተጠንቀቅ» የሚል ጽሑፍ አይመጣም። ሬሳው ነው ትምህርቱ። ለተጫዋቹ እንዲህ ያለ ክብር የሰጠ ጌም ከዚያ ወዲህ ያየሁት በጣት የሚቆጠር ነው።

ቤተስዳ እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጣው «ዳገርፎል» በኮምፒውተር ቀመር የተፈለፈሉ ወደ 15,000 የሚጠጉ ከተሞች፣ መንደሮችና ዋሻዎች ነበሩት። ከስድስት ዓመት በኋላ በመጣው «ሞሮዊንድ» ግን ሠሪዎቹ ያንን ሁሉ ስፋት ትተው አንዲት ደሴት ድንጋይ በድንጋይ በእጃቸው ሠሩ። የዛሬው ገበያ «ማፓችን ካለፈው እጥፍ ነው» እያለ ሲፎክር ይህን ታሪክ የሚያስታውስ የለም። ስፋት ለማንም አይቸግርም። የሚቸግረው በዚያ ስፋት ውስጥ አንድ ሰው ቆም የሚልበት ቦታ ማኖር ነው።

ከዚያ በ2006 «ኦብሊቪየን» ሲመጣ ኮምፓሱ ላይ ቀስት ተተከለ፤ በ2011 የወጣው «ስካይሪም»ም ወረሰው። «ካልፈለግኸው አጥፋው» የሚሉኝ አሉ። እኔ አጥፍቼው ሞክሬያለሁ። ሰውዬው «እገሌ ዋሻ ገብተህ ንብረቴን አምጣልኝ» ይልሃል። ዋሻው በየት በኩል ነው? አይነግርህም። ብትጠይቀውም አብዛኛውን ጊዜ የሚመልሰው ቃል አልተጻፈለትም። ቀስቱ አለ ተብሎ የአገሩ ሰው ሁሉ ዲዳ ተደርጓል! ቀስት በላዩ የተለጠፈ ጌጥ ቢሆን ኖሮ ልጠን እንጥለው ነበር። ግን መላው ዓለም በእሱ ላይ ተደግፎ ነው የተሠራው፤ ስታነሳው ዓለሙ ይፈርሳል።

ይህ ሁሉ የድሮ ናፍቆት እንዳይመስል እ.ኤ.አ. መጋቢት 2017 የወጣውን የዜልዳ ጌም «ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ»ን ልጥራ። የዜልዳ ጌሞች ፈጣሪ ሺገሩ ሚያሞቶ ያደገው ኪዮቶ አጠገብ ሶኖቤ በምትባል የገጠር ከተማ ነው። ልጅ ሳለ ኮረብታ ለኮረብታ ሲዞር ዋሻ አግኝቶ ፋኖስ ይዞ እንደገባና የ1986ቱ የመጀመሪያው ዜልዳ ከዚያ ስሜት እንደመጣ ደጋግሞ ተናግሯል። ይህን ጌም የሠራው፣ ሂዴማሮ ፉጂባያሺ የመራው ቡድን ከ31 ዓመት በኋላ ያንኑ ፋኖስ መልሶ ለኮሰው።

ጌሙ ግንብ አለው፤ ግንቡ ላይ ስትወጣም ማፑ ይገለጣል። ከ2007ቱ «አሳሲንስ ክሪድ» ወዲህ ብዙ ጌም ይህን ያደርጋል፦ ግንብ ትወጣለህ፣ ማፑ ላይ ምልክት እንደ በረዶ ይዘንባል፣ ከዚያ እንደ ቀን ሠራተኛ አንድ በአንድ ስታጠፋ ትውላለህ። እዚህ ግን የሚገለጥልህ የመሬቱ ቅርጽና የቦታው ስም ነው። ምን የት እንዳለ የምታገኘው በዓይንህ ነው። ከግንቡ አናት ላይ ቆመህ በመነጽር ታማትራለህ፤ የሳበህን ነገር በገዛ እጅህ ምልክት ታደርግበታለህ። ማፑ የአንተ የዓይን ታሪክ ይሆናል።

ሠሪዎቹ በዚያው ዓመት ጃፓን ውስጥ ሴዴክ በተባለው የጌም ባለሙያዎች ጉባኤ ላይ መሬቱን እንዴት እንደቀረጹት አስረድተዋል። ምሥጢሩ ሦስት ማዕዘን ነው። ኮረብታ ፊትህ ሲደቀን ወይ ትወጣዋለህ ወይ ትዞረዋለህ፤ ምርጫው ያንተ ነው። ኮረብታው ከኋላው ያለውን ይሸፍናል፤ ስታልፈው አዲስ ነገር ብቅ ይላል። ትልቁ ከሩቅ ይጠራል፣ መካከለኛው ይጋርዳል፣ ትንሹ እርምጃህን ይለዋውጣል። እንግዲህ መንገድ ማሳየት ማለት ይህ ነው! መሬቱ ራሱ በቅርጹ ሲጠራህ፣ አንተም በፈቃድህ የሄድክ መስሎህ ሳይሆን በእርግጥ በፈቃድህ ስትሄድ።

አየሩም ሕግ አለው። ዝናብ ሲዘንብ ገደሉ ያንሸራትታል። ብረት ይዘህ ነጎድጓድ ውስጥ ከቆምክ መብረቅ ይመታሃል። ደረቅ ሣር ላይ እሳት ብትለኩስ የሚነሳው ሙቅ አየር የመንሳፈፊያ ሸራህን ወደ ላይ ያነሳዋል። ማንም «ይህን አድርግ» አይልህም፤ አገሩን ስታውቀው ያገለግልሃል። ያንን ሸራ ከተቀበልክ በኋላ ብትፈልግ በቀጥታ የመጨረሻው ጠላት ወዳለበት ቤተ መንግሥት ሂድ፤ የሚከለክልህ የለም፤ ምናልባት ሞት።

አንዲት ነገር ደግሞ አለች፤ እሷን ሳስብ ጉሮሮዬ ይተናነቀኛል። ማንም ያላዘዘህን ጫፍ ብቻህን ቧጥጠህ ስትወጣ እዚያ ላይ አንዲት ድንጋይ ብቻዋን ተቀምጣ ታገኛለህ። ታነሳታለህ። ከሥሯ ቅጠል ፊቱን የሸፈነ ትንሽ ፍጡር ብቅ ብሎ አንዲት ዘር ይሰጥሃል። በመላው ጌም 900 እንዲህ ያሉ ዘሮች ተደብቀዋል። ሁሉንም ልሰብስብ የሚል ይሰብስብ፤ እኔ አልሰበሰብኩም። ለእኔ ያች ድንጋይ የሠሪው ደብዳቤ ናት፦ እዚህ እንደምትመጣ አስቤ ነበር የሚል።

«ኤልደን ሪንግ» (2022) ከዚህ ይለያል፤ ጨካኝ ነው፤ መንፈሱ ግን አንድ ነው። ገና ስትወጣ የወርቅ ጥሩር የለበሰ ፈረሰኛ ሜዳው ላይ ይጠብቅሃል፤ ይገድልሃል፤ በሌላ በኩል ዞሮ መሄድ የሚቻል መሆኑን ያኔ ትማራለህ። ጫካ ውስጥ ያገኘኸው አሳንሰር መውረድ ጀምሮ አላቆም ሲል፣ ሲወርድ ሲወርድ ከምድር በታች ኮከብ የሞላበት ሰማይ ስታይ ማንም አስቀድሞ አልነገረህም። ሰው ይሸሸዋል ሊባል የሚችለው ይህ ጌም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት 12 ሚሊዮን፣ በአንድ ዓመት ውስጥ 20 ሚሊዮን ቅጂ ተሠራጭቷል። ተጫዋቹ ካልተመራ ይሰለቻል የሚሉ ስብሰባዎች ይህን ቁጥር ግድግዳቸው ላይ ይስቀሉት።

የምወዳቸውም ያቃጥሉኛል። በ2018ቱ «ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2» ውስጥ እባብ የነደፈውን መንገደኛ ብታድን፣ ከብዙ ቀን በኋላ ከተማ ውስጥ ጠመንጃ መሸጫው ደጅ ተቀምጦ ያስታውስሃል፤ ውለታህንም ይመልሳል። ይህን የሚያህል ሕያው አገር የሠሩ ሰዎች፣ ሚሽን ውስጥ ስገባ ግን ከመንገዱ ትንሽ ወጣ ካልኩ «ወደቅህ» ብለው ይመልሱኛል። ለምን? ቅድም ያመናችሁኝን አሁን ለምን ከዳችሁኝ? «ዊቸር 3»ም የዚያን የቬለን ባሮን ታሪክ፣ ያንን ሰካራም አባት፣ እንደ ታላቅ ልብ ወለድ ከጻፈ በኋላ የስኬሊገ ባሕር ላይ የጥያቄ ምልክት ዘርቶበታል፤ በጀልባ ሄደህ የምታገኘው ያው ተንሳፋፊ በርሜል ነው።

«ሥራ ያለው፣ ልጅ ያለው ሰው አንድ ሰዓት ነው ያለው፤ ሲጠፋ ይዋል?» ይሉኛል። እኛም እኮ አንድ ሰዓት ነበረን! ያውም ተቆጥሮ የተከፈለበት፣ ባለቤቱ ሰዓት እያየ፣ ሚሞሪ ካርድ በሌለበት። ያች ሰዓት ሙሉ ነበረች። ባዶ የምትሆነው 60 ደቂቃ ነጥብ ስታሳድድ ውለህ ስትነሳ የት እንደነበርክ ሲጠፋህ ነው። ዓይኑ የደከመ፣ አቅጣጫ መያዝ የሚቸግረው ሰው እርዳታ ያስፈልገዋል፤ ይሰጠው፤ በዚህ ክርክር የለኝም። ለአንዱ የተሠራን ምርኩዝ ግን ለሁሉም እግር አታሥሩ።

ቅዳሜ ዕለት አልተውኩትም። ጆይስቲኩን ለመንኩና ምልክቱን ሁሉ አጠፋሁለት። «እስቲ ያንን ተራራ እንውጣ» አልኩት። መጀመሪያ አኮረፈ፤ ቀስ በቀስ ግን ገባበት። ፈረሱ የማይወጣበት ላይ ሲደርስ ወርዶ በእግሩ ሄደ። መንገድ ዘጋበት፣ ዞረ፣ ወደቀ፣ እንደገና ጀመረ። ወደ ሃያ ደቂቃ ፈጀበት። መጨረሻው ላይ ከወንበሩ ተነስቶ ቆሞ ነበር የሚጫወተው። ወጣ። ለሁለት የተሰነጠቀው ጫፍ መሃል ገብቶ ዙሪያውን አየ። ጠፍጣፋ ግራጫ ድንጋይ ነበር፤ ሣር እንኳ አልበቀለበትም። ከሥሩ፣ ከኋላው፣ በስንጥቁ ውስጥ ፈለገ። ያንን ተራራ ከአገሩ ዳር እስከ ዳር እንዲታይ አድርገው የሠሩት ሰዎች አንዲት ድንጋይ አላኖሩለትም።

«አየህ?» አለኝ፤ ምልክቱንም መልሶ አበራው።